በሮዴሽያ የነጮች አገዛዝ ዘመን የነበሩ አፋኝ ሕጎችና የፖለቲካ ተቃውሞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡባዊ አፍሪካ ስለነበረው የነጮች አገዛዝ በአማርኛ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ነው። ይህ ገጽ የሚመለከተው የሰሜን ጎረቤቷን ሮዴሽያን ነው። በዚያች አገር ከ1959 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ተቃውሞን ወንጀል ያደረጉ ሕጎች በፓርላማ እየታወጁ፣ በጋዜጣ እየታተሙና በፍርድ ቤት እየተጠቀሱ ሥራ ላይ ውለዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮዴሽያ የምትባለው አገር የትኛዋ ናት?

የዛሬዋ ዚምባብዌ ናት። በ1890 የሲሲል ሮድስ የብሪታንያ ደቡብ አፍሪካ ኩባንያ የላካቸው ሰፋሪዎች ገብተው ያዟት፤ ስሟም ከሮድስ ስም የመጣ ነው። ኩባንያው ለሠላሳ ዓመታት ያህል ካስተዳደራት በኋላ ሰፋሪዎቹ በ1922 ባደረጉት ሕዝበ ውሳኔ ከደቡብ አፍሪካ ጋር መዋሐድን ትተው የራሳቸውን አስተዳደር መረጡ፤ በዚህም አገሪቱ ከ1923 ጀምሮ በብሪታንያ ዘውድ ሥር ሆና የራሷ ፓርላማ፣ የራሷ ፖሊስና የራሷ ጦር ያላት ቅኝ ግዛት ሆነች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትን ሕጎች ያወጣው እንግዲህ ለንደን የተቀመጠ ሚኒስትር ሳይሆን ሳልስበሪ፣ ማለትም የዛሬዋ ሐራሬ፣ የተቀመጠው የሰፋሪዎቹ ፓርላማ ነው። ለንደን አድሎአዊ ሕጎችን የመሻር ሥልጣን በወረቀት ላይ ነበራት፤ አልተጠቀመችበትም። የነጮቹ ቁጥር ከሁሉ ጊዜ በበዛበት በ1970ዎቹ አጋማሽ እንኳ 300,000 አልሞላም፤ ጥቁሩ ሕዝብ ግን በዚያው ወቅት ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ጥቁሮች የመምረጥ መብት ጨርሶ አልነበራቸውም?

የሮዴሽያ ሕግ ለብዙ ጊዜ ጥቁር ሰው አይመርጥም ብሎ በግልጽ አልጻፈም። መራጭ ለመሆን የተወሰነ ገቢ፣ የተወሰነ ንብረት ወይም የተወሰነ የትምህርት ደረጃ ያስፈልግ ነበር። ገቢውን፣ ንብረቱንና ትምህርቱን የሚያከፋፍለው ደግሞ ራሱ መንግሥት ስለነበር መስፈርቱ ቀለም ሳይጠራ ቀለም ይለይ ነበር። በ1961 የወጣው ሕገ መንግሥት መራጩን በሁለት መዝገብ ከፈለው፤ ከ65 የፓርላማ መቀመጫዎች 50ው ከፍተኛ መስፈርት ላለው፣ በአብዛኛው ነጮች ለተመዘገቡበት መዝገብ፣ 15ቱ ደግሞ መስፈርቱ ዝቅ ላለው መዝገብ ተሰጡ።

የ1969ኙ ሕገ መንግሥት ይሉኝታውንም ተወው። 50 መቀመጫ ለነጮች፣ 16 ለጥቁሮች ደለደለ፤ ከ16ቱም ስምንቱን የሚመርጡት መንግሥት የሚደጉማቸው የባላባቶች ጉባኤዎች ነበሩ። የጥቁሮቹ መቀመጫ ሊጨምር የሚችለው ጥቁሩ ሕዝብ ከጠቅላላው የገቢ ግብር የሚከፍለው ድርሻ ባደገ መጠን ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከነጮቹ ጋር እኩል ከመሆን እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። ለጉልበት የሚከፈለውን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስነው ሰፋሪው ነውና እኩልነቱን በገቢ ግብር መለካት በዘመናት የማይደረስበት ቀጠሮ መስጠት ነበር።

ስለ ፖለቲካ እየተነጋገርን ሳለ የመሬት ሕግ ለምን ይነሳል?

ተቃውሞው የተወለደው ከመሬት ጥያቄ ስለሆነ ነው። የ1930ው የመሬት ድልድል አዋጅ የአገሪቱን ግማሽ የሚያህለውን፣ ለም የሆነውንና ለባቡር መስመር የቀረበውን መሬት ለነጮች ብቻ ከለለው። ለጥቁሩ የተተወው በአብዛኛው አሸዋማና ዝናብ የሚያጥረው ክልል ነበር። በከተሞችም መሬቱ የነጮች ተብሎ ስለተመዘገበ ጥቁር ሠራተኛ ከከተማ ወጣ ብለው በተሠሩ ሰፈሮች ውስጥ በተከራይነት ከመኖር በቀር ቤት የራሱ ማድረግ አይችልም ነበር። ሲቱፓ የሚሉትን የመታወቂያና የይለፍ ወረቀት ሳይዝ የተገኘ ወንድ ደግሞ ይታሰራል።

በ1951 የወጣው ሌላ አዋጅ የገበሬውን የከብት ቁጥር እንዲቀነስ፣ የእርሻ ማሳውም በመንግሥት ባለሙያዎች ልክ እንዲመጠን አዘዘ። መንግሥት ዓላማው አፈርን ከመሸርሸር ማዳን ነው ይል ነበር፤ ገበሬው ግን አፈሩ የተሸረሸረው ሕዝቡን በጠባብ ቦታ ስላጨቃችሁት ነው የሚል መልስ ነበረው፤ መልሱም ትክክል ነበር። የከተማው የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ገጠር ውስጥ ሰሚ ያገኙት በዚህ አዋጅ የተነሳ ነው።

የአፈናው ሕጎች መቼ ጀመሩ?

ወሳኙ ዓመት 1959 ነው። በመስከረም 1957 በጆሹዋ ንኮሞ መሪነት የተመሠረተው የደቡብ ሮዴሽያ የአፍሪካውያን ብሔራዊ ኮንግረስ ከተማንና ገጠርን ያገናኘ የመጀመሪያው ድርጅት ነበር። የካቲት 26 ቀን 1959 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድጋር ኋይትሄድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ኮንግረሱን አገዱ፤ በአንድ ሌሊት በተጀመረው ዘመቻም ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ንኮሞ ያን ጊዜ ካይሮ ስለነበሩ ከእስሩ ተረፉ። ይህን ያደረገው መንግሥት ራሱን በዘር መካከል ሽርክና እፈልጋለሁ የሚል፣ ለዘብተኛ የሚባል መንግሥት እንደነበር ማስታወስ ይገባል። አፋኞቹን ሕጎች ሁሉ ከ1964 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በኢያን ስሚዝ ስም የመጻፍ ልማድ አለ፤ ስሚዝ ሥልጣን ሲይዙ ግን መሣሪያው ተሠርቶ ተቀምጦላቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ሦስት ሕጎች ተከታትለው ወጡ። የሕገ ወጥ ድርጅቶች አዋጅ መንግሥት ማንኛውንም ድርጅት እንዲያግድና ንብረቱን እንዲወርስ ፈቀደ፤ በታገደ ድርጅት ስብሰባ ላይ የተገኘ ወይም ወረቀቱ በእጁ የተያዘ ሰውም አባል አለመሆኑን እስካላስረዳ ድረስ እንደ አባል ይቆጠር ነበር። አስቀድሞ የማሰር አዋጅ አንድን ሰው ያለ ክስ ማሰር የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። የአገሬው ተወላጆች ጉዳይ አዋጅ ማሻሻያ ደግሞ አንድ ጥቁር ሰው የመንግሥትን ሹማምንት ወይም ባላባቶችን ክብር የሚነካ ነገር መናገሩን ወንጀል አደረገው። ይህ የመጨረሻው ሕግ በተለይ ለገጠሩ የታሰበ ነበር፤ ከብትህ ይሸጥ የተባለ ገበሬ በሹሙ ፊት አቤቱታውን ሲያሰማ የሚያስከስስ ሆነ።

የ1960ው የሕግና ሥርዓት ማስከበሪያ አዋጅ ምን ይላል?

በኮንግረሱ ቦታ ጥር 1 ቀን 1960 ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ተመሠረተ። ይህ ፓርቲ የመሬትንና የከብትን ቅሬታ አልፎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ የሚለውን ጥያቄ አነሳ። በሐምሌ ሦስት መሪዎቹ ሲታሰሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሃይፊልድ ሰፈር ወደ ሳልስበሪ መሃል ተንቀሳቀሱ፤ በሳምንቱም ቡላዋዮ ውስጥ በተነሳው ሁከት ከአሥር በላይ ጥቁሮች ተገደሉ። የመንግሥት መልስ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጸደቀው ይህ አዋጅ ነው።

አዋጁ በአንድ ሰነድ ውስጥ ብዙ ነገር ጠቅልሎ ይዟል። ፖሊስ ስብሰባንና ሰልፍን እንዲከለክል ወይም እንዲበትን ሥልጣን ሰጠ፤ በኋላ በተደረገ ማሻሻያ እሑድና በዓል ቀን ሕዝባዊ ስብሰባ መጥራት ተከለከለ፤ ሠራተኛው ጥቁር ሕዝብ ነጻ የሚሆነው በእነዚህ ቀናት ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። የሥራ ማቆም አድማና የሱቅ ማዕቀብ መቀስቀስ፣ ለመንግሥት ጥላቻ ወይም ንቀት የሚያሳድር ንግግር ማድረግ፣ የታገደ ጽሑፍ መያዝ፣ ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥ የሚያስከትል የሐሰት ወሬ ማሰራጨት ሁሉም ወንጀል ሆኑ። ሚኒስትሩም አንድን ሰው ፍርድ ቤት ሳያቀርብ ከተወሰነ ስፍራ እንዳይወጣ የማዘዝ ሥልጣን አገኘ። ቃላቱ ሆን ተብለው የተለጠጡ ስለነበሩ አንድ ተናጋሪ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚያሳስረው ማወቅ አይችልም ነበር። የአዋጁ ዋና ጉልበት ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ በዚህ አለመታወቅ ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

ረቂቁ ሲቀርብ ሮዴሽያ ያን ጊዜ አባል የነበረችበት የመካከለኛው አፍሪካ ፌዴሬሽን ዋና ዳኛ ሰር ሮበርት ትሬድጎልድ የሰውን ልጅ መሠረታዊ መብቶች የሚጥስና የፍርድ ቤትን ሥልጣን አላግባብ የሚጋፋ ነው በማለት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ትሬድጎልድ ከታወቀ የሰፋሪ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ቀድሞ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ስለነበሩ መልቀቃቸው አገሪቱን አነጋገረ፤ ረቂቁን ግን አላስቆመውም።

በ1962 መጨረሻ ምርጫውን ያሸነፈው የስሚዝ ፓርቲ፣ የሮዴሽያ ግንባር፣ አዋጁን የበለጠ አከበደው። በ1963 በተደረገው ማሻሻያ ሰው በሚኖርበት ቤት ላይ ቤንዚን የሞላ ጠርሙስ መወርወርና መሰል የእሳት ጥቃት የሞት ፍርድ የግድ የሚያስከትል ጥፋት ሆነ። ሰው ባይሞትም፣ ዳኛው ቅጣቱን ለማቅለል ቢፈልግም አማራጭ አልነበረም።

ፓርቲዎቹ ሲታገዱ ተቃዋሚዎቹ ምን አደረጉ?

በሌላ ስም ተነሡ። ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ታኅሣሥ 9 ቀን 1961 ታገደ፤ በስምንተኛው ቀን የዚምባብዌ አፍሪካ ሕዝብ ኅብረት፣ በአጭሩ ዛፑ፣ በዚያው በንኮሞ መሪነት ተመሠረተ። ዛፑም አንድ ዓመት ሳይሞላው በመስከረም 1962 ታገደ። በእያንዳንዱ እገዳ የፓርቲው መኪናዎች፣ የጽሕፈት መኪናዎችና ገንዘብ ይወረሳሉ፤ አባላቱ ግን እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ናቸው። ስሙን መለወጥ ቀላል ነበር፤ ያልቀለለው አዲስ ስም ባወጡ ቁጥር ተመልሰው የሚታሰሩት መሪዎች ዕጣ ነው።

በእገዳዎቹ መካከል ያለው ጊዜ እያጠረ ሲሄድ በመሪዎቹ ዘንድ ጥያቄው ተለወጠ። በአደባባይ ፓርቲ መመሥረት ካልተቻለ ወይ ወደ ውጭ መውጣት ወይ መሣሪያ ማንሳት ነው የሚሉት ሰዎች ሰሚ አገኙ። የትጥቅ ትግሉ ከእገዳዎቹ በኋላ የመጣ መሆኑን የዘመን ቅደም ተከተሉ ራሱ ያሳያል።

ዛፑና ዛኑ ለምን ተለያዩ?

ነሐሴ 8 ቀን 1963 ንዳባኒንጊ ሲቶሌ፣ ሊዮፖልድ ታካዊራ፣ ሮበርት ሙጋቤ፣ ሄርበርት ቺቴፖና ሌሎች ከንኮሞ ተለይተው የዚምባብዌ አፍሪካ ብሔራዊ ኅብረትን፣ ማለትም ዛኑን፣ መሠረቱ። ንኮሞን የከሰሷቸው በውጭ አገር እየተዘዋወሩ በዲፕሎማሲ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አገር ውስጥ ያለውን ትግል አዳክመዋል በሚል ነበር። ክፍፍሉ ሲጀመር የሾናና የንደቤሌ ጎሳ ጉዳይ አልነበረም፤ በኋላ ግን ወደዚያ አዘነበለ። በ1963 እና በ1964 የሁለቱ ደጋፊዎች በከተማ ሰፈሮች ውስጥ እርስ በርስ በድንጋይና በእሳት ተጠቃቁ፤ ተራው ነዋሪ የየትኛው አባል ነህ እየተባለ ተሰቃየ። መንግሥት ይህን እንደ ምክንያት አድርጎ ነሐሴ 26 ቀን 1964 ዛኑንና ዛፑ ከታገደ በኋላ የንኮሞን ደጋፊዎች ያሰባሰበውን ድርጅት በአንድ ቀን አገደ፤ በጥቁሮች ዘንድ በስፋት ይነበብ የነበረው ደይሊ ኒውስ ጋዜጣም በዚያው ቀን ተዘጋ።

ያለ ክስ የታሰሩት ሰዎች የት ነበር የሚቆዩት?

ከከተማ በራቁ የግዞት ሰፈሮችና በእስር ቤቶች ነበር። ከሁሉ የታወቀው በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከሞዛምቢክ ድንበር አጠገብ ባለው በረሃማ ቆላ የተቋቋመው ጎናኩድዚንግዋ ነው። ኢያን ስሚዝ በሚያዝያ 1964 ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ በቀናት ውስጥ ንኮሞ ወደዚያ ተላኩ። መጀመሪያ ላይ ቦታው አጥር የሌለው የግዞት ክልል ስለነበር ሰዎች በባቡር እየተጫኑ እየሄዱ ይጎበኟቸው ነበር፤ መንግሥት ሰፈሩ የፖለቲካ መናኸሪያ መሆኑን ሲረዳ ጉብኝቱን ቆረጠ። የዛኑ መሪዎች በሲኮምቤላ፣ በዋዋና በኋላም በሳልስበሪ እስር ቤት ቆዩ።

ትምህርት የእስረኞቹ ዋና ሥራ ሆነ። የተማረው ላልተማረው ያስተምር ነበር፤ በተልእኮ ትምህርት ዲግሪ የያዙም ብዙ ናቸው፤ ሙጋቤ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ከአንድ በላይ ዲግሪ ያገኙት በእስር ላይ ሳሉ ነው። ሆኖም የግዞትን ሕይወት እንደ ትምህርት ቤት ብቻ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው። የተፈረደበት እስረኛ የሚወጣበትን ቀን ያውቃል፤ ያለ ክስ የተያዘው ግን ትእዛዙ ባበቃ ቁጥር በሚኒስትሩ ፊርማ ስለሚታደስበት አያውቅም። ሙጋቤ ትንሹ ልጃቸው በ1966 በጋና ሲሞት ሄደው እንዲቀብሩ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። ታካዊራ በ1970 በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። አብዛኞቹ መሪዎች የተፈቱት በ1974 መጨረሻ፣ የደቡብ አፍሪካና የዛምቢያ መንግሥታት ለድርድር ግፊት ባደረጉ ጊዜ ነው፤ ንኮሞና ሙጋቤ አሥር ዓመት ገደማ ቆይተዋል ማለት ነው።

የ1965ቱ የተናጠል ነጻነት ሕጎቹን እንዴት ለወጣቸው?

ስሚዝ ኅዳር 11 ቀን 1965 ከብሪታንያ የተናጠል ነጻነት አወጁ። ከዚያ ስድስት ቀን በፊት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ይህ አዋጅ በየጊዜው እየታደሰ አገዛዙ እስኪያበቃ ድረስ አልተነሳም። ከዚህ በኋላ መንግሥት ለአፈናው አዲስ ሕግ ወደ ፓርላማ ማቅረብ እንኳ ብዙ አላስፈለገውም፤ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ደንብ ማውጣት ይበቃ ነበር። ጋዜጦች ቅድመ ምርመራ ተጣለባቸው። የነጮቹ ጋዜጣ ሮዴሽያ ሄራልድ የተሰረዘው ጽሑፍ የነበረበትን ቦታ ባዶ እየተወ ይታተም ጀመር፤ አንባቢው ከባዶው ስፋት የተከለከለውን መጠን ያነብ ነበርና መንግሥት በኋላ ባዶ ቦታ መተውንም ከለከለ።

ፍርድ ቤቶች አልተቃወሙም?

ጥቂት ዳኞች ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤቱ እንደ ተቋም ግን ለአገዛዙ ተገዛ። ስቴላ ማድዚምባሙቶ የተባሉ ነርስ ያለ ክስ የታሰሩት ባለቤታቸው ዳንኤል እንዲፈቱ ክስ መሠረቱ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር፦ መንግሥቱ በአመፅ የተቋቋመ ሕገ ወጥ መንግሥት ከሆነ የእስር ትእዛዙም ዋጋ የለውም። የሮዴሽያ ዳኞች መንግሥቱ አገሪቱን በተጨባጭ እየገዛ ስለሆነ ሥርዓት ለመጠበቅ የሚያደርገው ይጸናል አሉ። ለንደን ያለው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ አካል፣ ፕሪቪ ካውንስል፣ በሐምሌ 1968 እስሩ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። በሳልስበሪ ማንም አልፈጸመውም።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የሆነው የባሰ ነው። ጄምስ ድላሚኒ፣ ቪክተር ምላምቦና ዱሊ ሻድሬክ የተባሉ ሞት የተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች በንግሥት ኤልሳቤጥ ምሕረት ተደርጎላቸው ሳለ መጋቢት 6 ቀን 1968 ተሰቀሉ። ዋና ዳኛ ሂው ቢድል የንግሥቲቱ ምሕረት በሮዴሽያ ተፈጻሚነት የለውም ብለው ነበር። አስገራሚው ነገር የስሚዝ መንግሥት ያን ጊዜ ለንግሥቲቱ ታማኝ ነኝ ማለቱን ገና አልተወም፤ ሪፐብሊክ የሆነው በ1970 ነው። ዳኛው ጆን ፊልድሴንድ በዚያው ወር ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የነጻዋ ዚምባብዌ የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ሆነው ተሾሙ።

ተቃዋሚዎቹ ጥቁሮች ብቻ ነበሩ?

በብዛት አዎን፤ ነገር ግን አገዛዙ የነጭ ተቃዋሚንም አልታገሠም። ከ1953 እስከ 1958 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጋርፊልድ ቶድ በጥር 1972 ከልጃቸው ከጁዲት ጋር ያለ ክስ ታስረዋል፤ በኋላም ከእርሻቸው እንዳይወጡ ታዝዘዋል። ጥቁርና ነጭ አብረው የሚያርሱበት የኮልድ ኮምፈርት እርሻ ማኅበር በ1971 ሕገ ወጥ ተባለ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ጋይ ክላተን ብሮክ ዜግነታቸው ተገፎ ተባረሩ። ጋዜጠኛው ፒተር ኒስዋንድ በ1973 በዝግ ችሎት ተፈርዶበት ከአገር ወጣ።

ብዙ መዘዝ ያመጣው የኡምታሊው የካቶሊክ ጳጳስ የዶናል ላሞንት ጉዳይ ነው። ጳጳሱ በሚስዮን ሆስፒታል ታጣቂዎች ለሕክምና ሲመጡ ለመንግሥት ባለመጠቆማቸው ተከሰው በ1976 አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ በሚቀጥለው ዓመት ዜግነታቸው ተነጥቆ ከአገር ተባረሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ባቋቋመችው የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን በኩል ወታደሮች በገጠር የሚፈጽሙትን ድብደባና ግድያ እየመዘገበች ወደ ውጭ ታወጣ ስለነበር ክሱ ከአንድ ሰው በላይ ያነጣጠረ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ ሐሳቡን በሕጋዊ መንገድ የገለጸበት ጊዜ አልነበረም?

አንድ ጊዜ ነበር። በኅዳር 1971 ስሚዝና የብሪታንያ መንግሥት የአብዛኛውን ሕዝብ አገዛዝ ላልታወቀ ጊዜ በሚያዘገይ ስምምነት ላይ ተፈራረሙ፤ ለንደን ግን የጥቁሩ ሕዝብ ፈቃድ እንዲጠየቅ ቅድመ ሁኔታ አድርጋ ነበርና በሎርድ ፒርስ የሚመራ ኮሚሽን በጥር 1972 መጣ። ለሁለት ወራት ያህል፣ ከስምንት ዓመት ጸጥታ በኋላ፣ ሰዎች በአደባባይ መናገር ቻሉ። ጳጳስ አቤል ሙዞሬዋ የሚመሩት የአፍሪካውያን ብሔራዊ ምክር ቤት ከመንደር መንደር እየዞረ እምቢ በሉ ሲል ቀሰቀሰ። ስሚዝ ጥቁሮቻችን በዓለም ከሁሉ ደስተኞች ናቸው ብለው ያምኑ ስለነበር ውጤቱ አስደነገጣቸው፤ ኮሚሽኑ በግንቦት ባወጣው ዘገባ አብዛኛው ጥቁር ሕዝብ ስምምነቱን እንደማይቀበል አረጋገጠ።

በጦርነቱ ዓመታት ገጠሩ ላይ ምን ዓይነት ሕግ ተጣለ?

በታኅሣሥ 1972 የዛኑ ታጣቂዎች በሰሜን ምሥራቅ የነጭ እርሻ ካጠቁ በኋላ አፈናው ከፖለቲከኞች ወደ መላው የገጠር ነዋሪ ተሸጋገረ። በጥር 1973 የወጣው ደንብ ታጣቂዎችን አስጠግቷል በተባለ ማኅበረሰብ ላይ የጋራ ቅጣት ፈቀደ። የመንደሩ ከብት ይወረሳል፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ሱቁና ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ማን አጠፋ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ታጣቂን ያየ ሰው ፈጥኖ ካልጠቆመ ለረጅም ዓመታት ይታሰራል፤ ከጠቆመ ደግሞ ታጣቂዎቹ ከሃዲ ብለው ይገድሉታል። በዚህ መካከል የኖረውን ገበሬ ሁኔታ የትኛውም ወገን በሐቀኝነት አልተረከውም።

ከ1973 ጀምሮ ሕዝቡን ከታጣቂዎቹ ለመለየት የታጠሩ መንደሮች ተቋቋሙ። በ1974 አጋማሽ በቺዌሼ አካባቢ ብቻ 50,000 ያህል ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ከቀያቸው ተነቅለው 21 መንደሮች ውስጥ ተከማቹ፤ በጦርነቱ መጨረሻ የተዛወሩት በመቶ ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። በሩ ማታ ይዘጋል፤ ጠዋት ተፈትሾ የሚወጣው ሰው ማሳው ጋ ለመድረስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሰዓት እላፊው ሲቃረብ ይመለሳል። ከብቱንና አዝመራውን ሌሊት የሚጠብቅለት የለም።

በ1975 የወጣው የካሳና ከተጠያቂነት ነጻ የማድረግ አዋጅ ደግሞ ወታደሮችና ሹማምንት ሽብርን ለመግታት በቅን ልቦና ያደረጉት ነው እስከተባለ ድረስ እንዳይከሰሱ ከለለ፤ ተጀምሮ የነበረን ክስም ሚኒስትሩ ማቋረጥ ይችል ነበር። ተደብድቤአለሁ፣ ልጄ ተገድሎብኛል የሚል ሰው የሚሄድበት ችሎት ጠፋ። በመስከረም 1978 በአገሪቱ ክፍሎች ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት አብዛኛውን ግዛት ሸፈነ። በጦርነቱ የሞቱት ከ20,000 በላይ እንደሆኑ ይገመታል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ምን ድርሻ ነበራት?

የተናጠሉ ነጻነት በታወጀ በሳምንታት ውስጥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ ብሪታንያ አመፁን እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን 1965 ካልደመሰሰች አባል አገሮች ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ ወሰነ። ውሳኔውን የፈጸሙት ጥቂት አገሮች ናቸው፤ የውሳኔው አስተናጋጅ የነበረችው ኢትዮጵያ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የደርግ መንግሥት የዛኑን ተዋጊዎች ኢትዮጵያ ውስጥ አሠልጥኗል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1991 ሲሸሹ ሐራሬ ጥገኝነት ያገኙት ከዚያ ዘመን በቆየ ወዳጅነት ምክንያት ነው።

ነጻነት ሲመጣ ሕጎቹ ተሻሩ?

በዘር የሚለዩት ሕጎች ተሻሩ፤ ተቃዋሚን የሚያስሩት አልተሻሩም። ጦርነቱን ያቆመው የላንካስተር ሀውስ ስምምነት በታኅሣሥ 1979 ለንደን ላይ ተፈርሞ፣ በየካቲት 1980 በተደረገው ምርጫ ዛኑ ለጥቁሮች ከተመደቡት 80 መቀመጫዎች 57ቱን አሸንፎ፣ ዚምባብዌ ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ነጻ ወጣች። አዲሱ መንግሥት በስሚዝ ዘመን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እያደሰ እስከ ሐምሌ 1990 አቆየው። ለዚህ የደቡብ አፍሪካ የማወክ ዘመቻ እንደ ምክንያት ይቀርብ ነበር፤ ዘመቻው እውነት ነበር፤ አዋጁ ግን በአብዛኛው የተሠራበት በሌላ ላይ ነው። የዛፑ የጦር መሪዎች ሉክአውት ማሱኩና ዱሚሶ ዳቤንግዋ በ1983 በአገር ክህደት ተከሰው ነጻ ናችሁ ከተባሉ በኋላ ከችሎቱ ሳይርቁ በአስቸኳይ ጊዜ ደንብ መልሰው ታሰሩ። ማሱኩ በ1986 እንደተፈቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ንደቤሌዎች በሚኖሩበት በማታቤሌላንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች የተገደሉትም በዚያው አዋጅ ሥር ነው።

የ1960ው የሕግና ሥርዓት ማስከበሪያ አዋጅ ከዚያም በላይ ኖረ። በጥር 1999 ማርክ ቻቩንዱካና ሬይ ቾቶ የተባሉ ጋዜጠኞች በጦሩ ውስጥ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነበር ብለው በመጻፋቸው ወታደሮች ይዘው አሠቃዩአቸው፤ የተመሠረተባቸውም ክስ ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥ የሚያስከትል የሐሰት ወሬ ማሰራጨት የሚለው፣ ኋይትሄድ ያጸደቁት ያው አንቀጽ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 አንቀጹ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ውድቅ አደረገው። አዋጁ በጠቅላላ የተሻረው በ2002 ሲሆን፣ በቦታው የተተካው የሕዝብ ደኅንነትና ጸጥታ አዋጅ ለፖሊስ ስብሰባ የመከልከል ሥልጣን መልሶ ሰጠ። ያም በ2019 በሌላ አዋጅ ተተካ፤ በዚምባብዌ ሰልፍ የሚጠራ ሰው ዛሬም አስቀድሞ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።